የ90 ደቂቃ ካሴት በሮክ ሙዚቃ ፍርድ ላይ ያለው ድርሻ፦ በአንድ ወንድም ላይ የተደረገ ጥናት

ይህ ጥናት የተመሠረተው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። ናሙናው አነሰ የሚል ካለ ከናሙናው ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ተኝቶ ይሞክረው። ተጠኚው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ዋናው ሰነድ በሒሳብ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሰፈረው «የምንጊዜም ምርጥ 10 የሮክ አልበሞች» የሚለው ዝርዝር ነው። ከ4ኛ እስከ 10ኛ ያለው ቦታ በስርዝ ድልዝ ብዛት ሳስቶ ተቀድዷል፤ ስለዚህ የምንመረምረው ሳይነኩ የቀሩትን ሦስቱን ብቻ ይሆናል።

የአልበም ምርጫ ከነፍስ ይመነጫል የሚል የቆየ ትምህርት አለ። ጋሼም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፣ ያውም ሳይጠየቅ። የዚህ ጥናት መላምት ግን ምርጫው የሚመነጨው ከካሴት ርዝመት ነው የሚል ነው።

ማስረጃው እነሆ። ጋሼ ሳንቲም ሲያጠራቅም ባለ 90 ደቂቃ ባዶ ካሴት ገዝቶ ሰፈር ያለው ሙዚቃ ቤት ያስቀዳል። አንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ይይዛል። የሌድ ዘፕሊን አራተኛ አልበም (1971) እና የፒንክ ፍሎይድ «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» (1973) እያንዳንዳቸው 43 ደቂቃ ገደማ ናቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁለቱ በአንድ ካሴት ላይ፣ አንዱ በፊት አንዱ በጀርባ፣ በልክ እንደተሰፋ ሱሪ ገጠሙ። በዝርዝሩም 1ኛና 2ኛ ናቸው። ከ1ኛው ወደ 2ኛው ለመሻገር ካሴቱን መገልበጥ ብቻ ይበቃል።

ዘፕሊኖች ለዚህ አልበም ስም አላወጡለትም፤ ሽፋኑ ላይም የራሳቸውን ስም አልጻፉም። ይህ ምሥጢራዊነት ለንደን ውስጥ ሳይሠራ አይቀርም። የሙዚቃ ቤቱ ልጅ ግን ስም የሌለው ካሴት ከመደርደሪያ ተፈልጎ እንደማይገኝ ያውቃልና «ዘፕሊን፣ ጩኸት ያለበት» ብሎ ጻፈበት። ጥናቱ ከዚህ የተሻለ ርእስ አላገኘም።

ፒንክ ፍሎይድን በሚመለከት እናታችን የመስክ ምስክር ናት። «ታይም» የሚለው ዘፈን የሚጀምረው ብዙ ሰዓቶች በአንድ ጊዜ ሲያቃጭሉ ነው። እማዬ ነግቷል ብላ ከአልጋዋ ትነሣለች። «ኧረ ያንን ሰዓት አጥፋው!»

«ዘፈን ነው፣ እማዬ።»

«ዘፈን ከሆነ ለምን አይዘፍንም?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ድምፃዊው አፉን እስኪከፍት ከሁለት ደቂቃ በላይ ያልፋል፤ እማዬም እስከዚያ ቆማ ጠብቃው አታውቅም። አልበሙ እስከ 1988 በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ በድምሩ 741 ሳምንት መቆየቱን ብንነግራት «እነሱም እንቅልፍ የላቸውማ» አለች።

መላምቱ የሚፈተነው በ3ኛው፣ በቢትልስ «አቢ ሮድ» (1969) ላይ ነው። ይህ አልበም 47 ደቂቃ ነው። በ45 ደቂቃ ገጽ ላይ ሲቀዳ ምን እንደሚከተል ለማንም ግልጽ ነው፤ ለጋሼ ሲቀር።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መቆረጥ መኖሩን መለየት ያስፈልጋል፤ የቢትልሱ የጆን ሌነን መቆረጥና የካሴት መቆረጥ። የመጀመሪያው አልበሙ መካከል ላይ ይገኛል። «አይ ዋንት ዩ» የሚለው፣ ወደ 8 ደቂቃ የሚጠጋው ዘፈን፣ ጊታሩ እየከረረ፣ ነፋስ የመሰለ ድምፅ እያየለ ሄዶ በድንገት ጭጭ ይላል። ሌነን ሆን ብሎ እዚያ ጋ አስቆርጦት ነው። ሁለተኛው የሚገኘው መጨረሻው ላይ፣ «ዚ ኤንድ» በተባለው ዘፈን ውስጥ ነው። ሪንጎ ስታር በቢትልስ አልበሞች ውስጥ ብቻውን ከበሮ የሚመታባትን ብቸኛዋን ቦታ መትቶ ሲጨርስ፣ ጊታሮቹ ገና ሊነሡ ሲሉ፣ ቋ! የቴፑ ቁልፍ ተስፈንጥራ ትነሣለች። «ፍጻሜ» የተባለው ዘፈን እኛ ቤት ተፈጽሞ አያውቅም።

ጋሼ ሁለቱንም መቆረጦች ለሌነን ሰጣቸው። ከዚያም ንድፈ ሐሳብ አወጣ፦ አራቱ ቢትልሶች አብረው የቀረጹት የመጨረሻ አልበም ይህ ከሆነ፣ የመጨረሻው ቃላቸው ከበሮ ነው፤ ስለዚህ ከአራቱ የሚበልጠው ሪንጎ ነው። ይህን ንድፈ ሐሳብ ካሴቱን በቢክ እስኪርቢቶ እያጠነጠነ (ባትሪ ለመቆጠብ ነው) ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አስረዳ። የተቃወመው አልነበረም፤ የሰፈሩ ልጆችም ያስቀዱት ከእሱ ካሴት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሲዲው እጄ ገባና አብረን ሰማነው። ከበሮው አለፈ። ጊታሮቹ መጡ፤ ማካርትኒ፣ ሃሪሰን፣ ሌነን፣ በየተራ። ተጠኚው የያዘውን ስኒ አስቀመጠ።

«ይሄ በኋላ የተጨመረ ነው» አለ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ ከጸጥታው ኋላ ደግሞ ማካርትኒ ስለ ንግሥቲቱ የሚዘፍናት 23 ሰከንድ ገደማ የምትሆን ዘፈን ድንገት ብቅ አለች። ታሪኳን አስረዳሁት፦ መጀመሪያ ከሌሎች ዘፈኖች መካከል ነበረች፤ ማካርትኒ አውጧት አለ፤ ምንም ነገር እንዳይጣል የታዘዘው የስቱዲዮ ሠራተኛ ቴፑ ጫፍ ላይ ቀጠላት፤ በዚያው ቀረች። ሲቆርጧት ግን የመጨረሻ ድምጿ ከዘፈኑ ጋር አልመጣም፤ ስለዚህ አልበሙ የሚያልቀው ሳያልቅ ነው።

ጋሼ ስኒውን መልሶ አነሣ።

«ካሴት አልቆባቸው ነዋ» አለ።