የጎመን ምንቸት ተመልሳ ገባች

አዲስ አበባ የከረመ የሞጣ ልጅ ሰሞኑን «በየወቅቱ መብላት» የሚባል ጥበብ ተምሯል። ምግብ በወራቱ ሲበሉት ለጤና ይስማማል አሉ። እሰይ! እኛን ይህን ጥበብ ያስተማረን ጎተራው ነበር፤ ነሐሴ ላይ ባዶውን ቁጭ ብሎ።

እናቶቻችን ክረምት ክረምት ከጓሮ ጎመን ቀንጥሰው፣ ቀቅለው፣ ጨምቀው፣ ከትፈው፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲያቀርቡልን ፊታችንን አጥቁረን ነበር የምንበላው። ዘይት ከተገኘም የኑግ ነው። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ተብሎ የተባረረው ያው ጎመን ዛሬ ቦሌ ላይ በሸክላ ሳህን፣ አንድ ቃሪያ አናቱ ላይ ተሰክቶበት፣ ሥጋን በሚያስንቅ ዋጋ ተመልሷል። ወንድማችን ፎቶ ያነሳውና «የእናቴ እጅ» ብሎ ይለጥፈዋል። እናትየው ሞጣ ሆነው ልጃቸው ጎመን ናፈቀኝ ማለቱን ቢሰሙ፣ «ምነው፣ ከሥራ ወጣ እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም።

የወቅት ነገር ከተነሳ ቤተ ክርስቲያን ቀድማ ጨርሳዋለች። ሁዳዴን 55 ቀን፣ ፍልሰታን 15 ቀን ማጀቱ ምን ምን እንደሚሸት ታውቃለች፤ ስልጆው በጾሙ፣ ዶሮው በፋሲካው። ጥቅምት ላይ የባቄላ እሸት ከማሳ ዳር ፈልፍሎ ለመብላት ደግሞ አስተናጋጅም ሜኑም አያስፈልግም።

አሁንም ናፍቆቱ የእውነት ከሆነ፣ ወንድሜ፣ እናትህ ዘንድ ደውልና አሠራሩን ጠይቅ። ከዚያ ጎመኑን ራስህ ክተፍ።