የደንገጎ ዳገትና ጃንጥላችን

ሐምሌ 19 በመጣ ቁጥር ከድሬዳዋ ቁልቢ ገብርኤል ድረስ በእግር የምንወጣ ሰዎች የምንማረርበት ነገር ቢኖር ጃንጥላ ነው። መንገዱ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ታች ድሬ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ደንገጎን ጨርሰን ደጋው ላይ ስንወጣ ደግሞ ጉምና ዝናብ ይቀበለናል። ለሁለቱም የሚሆነው ጃንጥላ ብቻ ነው። ገበያውን የሞላው ግን ከታክሲ ወርዶ ቢሮ እስኪገቡ የሚያገለግል ዕቃ ነው።

ተጣጣፊውን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ዘንጉ ቱቦ በቱቦ የተሰካካ ስለሆነ ነፋስ በመታው ቁጥር ይላላል። ሽቦው እንደ ስንደዶ የቀጠነ ነው፤ ጨርቁን ከሽቦው ጫፍ የያዘው አንድ ሁለት ክር ነው። ዳገቱ ደግሞ ጥምዝምዝ ነው። አንዱ ኩርባ ላይ ከፊት የመጣው ነፋስ ቀጣዩ ላይ ከኋላ ይመጣል፤ ጃንጥላውን አዙሬ ልመክት ስትሉ ይቀድማችሁና ግልብጥ ያደርገዋል። ስትመልሱት አንዱ ሽቦ ቀጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ውሃው በተሰበረው በኩል እየተንቆረቆረ ትከሻችሁ ላይ ነው የሚወርደው፤ እስከ ቁልቢ።

የድሮው ባለ ረጅም ዘንግ፣ እጀታው ቆልመም ያለው ጥቁር ጃንጥላ ሲታጠፍ ምርኩዝ ይሆን ነበር። አሁን በአንድ እጅ ጃንጥላ፣ በሌላው ዱላ ይዘን ስንቁን የምንይዝበት እጅ አጣን። ልጅ ያዘለች እናትማ ምን ታድርግ?

ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ጨርቁ የለቀቀው የሽቦ ጫፍ ዓይን ዓይናችንን ይፈልጋል። «እማማ፣ ጃንጥላዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» ስንል፣ እሳቸውም «ልጄ፣ ክንዴ ዝሎ ነው» ሲሉ መንገዱ ያልቃል። እውነታቸውን ነው፤ ዝናብ የጠጣ ጃንጥላ ቀኑን ሙሉ ከፍ አድርጎ መያዝ ክንድ ያዝላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ብዙዎቻችን ለስለት የተሳልነውን የከፋይ ጃንጥላ በላስቲክ ጠቅልለን በብብታችን ይዘናል። የሱ ስፌት ጥብቅ፣ ዘንጉ ጠንካራ ነው። አጥብቆ የሚሠራ ባለሙያ አገር ውስጥ አለ ማለት ነው። ታዲያ ለመንገደኛው የሚሆን ምነው ጠፋ? ነጋዴዎች ሆይ፣ ዘንጉ ወጥ፣ ሽቦው ወፍራም የሆነውን አምጡልን፤ ዋጋው ቢጨምርም እንገዛለን።