ባለ ሦስት ኮከብ

የዋሽንግተን ዲሲ ባንዲራ ነጭ መደብ ላይ ሦስት ቀይ ኮከብ፣ ከሥሩ ሁለት ቀይ መስመር ነው። ሕፃን ልጅ ይሥለዋል። ትርጉሙን ለእኛ ሰው ከሰጡት ግን ጉድ ነው።

ጎረቤቴ ጋ ቡና ተጠራርተን የልጇ ቲሸርት ላይ ዐይናችን ዐረፈ። አንዱ «ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ!» አለ፤ ለዜግነት ፈተና ያጠናው ገና አልወጣለትም። ታክሲ ነጂው «የሆቴል ደረጃ ነው፤ ኪራዩ ግን የአምስት ኮከብ» አለ። እማማ ሲኒ እየደረደሩ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነዋ! ከታች ያለው ረከቦቱ» ብለው ዘጉት። ማን ይከራከራል? እሳቸውን ያስቀየመ በረካ አይደርሰው።

እኔም ዐዋቂ አይደለሁ? ነገሩ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤተሰብ ዓርማ መሆኑን ተነተንኩ። ቅድመ አያቶቹ ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡ ነው፤ ከተማዋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባንዲራዋ አደረገችው። ሰውዬው የእንግሊዝን ንጉሥ ጦር ተዋግቶ አባረረ፤ የእንግሊዙ ዓርማ ግን ቤቱ ቀረ። አይፈረድበትም፤ አገር የለቀቀ ሁሉ የሆነ ነገር ሻንጣው ውስጥ መሸጎጡ አይቀርም። የእኛ በርበሬ ነው።

የከተማዋ ማኅተም ላይ ደግሞ በላቲን «ፍትሕ ለሁሉም» ተብሎ ተጽፏል ስል ታክሲ ነጂው ሳቀ። «ለሁሉም የሚደርሰውማ የፓርኪንግ ቅጣት ነው!»

ይህን ሁሉ ስንተነትን ታዲያ እዚያ ቤት ውስጥ አንድም የዲሲ ነዋሪ አልነበረም። ቤቱ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አገር ቤት ሲደወል ግን ሁላችንም «ዲሲ ነን»። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለውም ዲሲ ነው። ግብር ስንከፍል ብቻ ወደየስቴታችን እንመለሳለን።

የራሳችን የሜሪላንድ ባንዲራ አለላችሁ፦ ጥቁርና ቢጫ፣ ቀይና ነጭ፣ የሁለት ቤተሰብ ዓርማ እንደ ድሪቶ ተቀጣጥሎ። ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የጸና ነው፤ የአገሬው ሰው ካልሲው ላይ ሳይቀር ያደርገዋል። እኛ ግን አንነካውም፤ ቦሌ ላይ ማን ያውቀዋል?

አዲስ አበባ ስሄድ ለዘመድ አዝማድ የወሰድኩት ኮፍያ ሁሉ ባለ ሦስት ኮከብ ነበር። የእህቴ ልጅ ኮፍያዋን አጥልቃ «አክስቴ፣ ዲሲ የት ሰፈር ነው የምትኖሪው?» አለችኝ።

«ኋይት ሐውስን አለፍ እንዳልሽ» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ስንት ማይል አለፍ እንደሚባል መች ጠየቀችኝ?