የሌሊት ሎሌዎች

ድሮ በቡሬ ምድር፣ ከፈጣም ወንዝ ዳር፣ ገላ የሚባል አገር ነበር አሉ። ገዢው ራስ ይባላል። ቀን ቀን እጅ፣ እግር፣ ዓይንና ምላስ ያገለግሉታል፤ ሌሊት ደግሞ አራት የእንቅልፍ ሎሌዎች ተራ ይገባሉ።

የመጀመሪያው በረኛ ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ ኮሽ ካለ ወዲያው ይከፍታል። ሁለተኛው ዘበኛ ነው፤ ከአራቱ ረጅሙን ሰዓት የሚሠራው እሱ ነው። ውሻ ሲጮኽ «የምናውቀው ድምፅ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ እግረ መንገዱንም ቀን የተማሩትን ወደ ጎተራ ያስገባል። ሦስተኛዋ ጠጋኟ ናት፤ ዝግ ያለች፣ ቢጠሯት ቶሎ የማትሰማ። የደከመውን ታበረታለች፣ ልጅ ታሳድጋለች። አራተኛዋ ሕልመኛዋ ናት። እሷ ስትገባ እጅና እግር ይታሰራሉ፤ ዓይን ብቻ ከቆቡ ሥር ይራወጣል፤ በራስ ቤት ግን እሳቱ እንደ ቀን ይነድዳል። የቀኑን ቁጣና ፍርሃት እያወጣች ታበጥራለች።

አራቱ በ90 ደቂቃ ገደማ አንድ ዙር ይጨርሱና እንደገና ይጀምራሉ፤ በሌሊት አራት አምስት ጊዜ። ጠጋኟ የምትበረታው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው፤ ሕልመኛዋ ረጅሙን ተራዋን የምታገኘው ወደ ንጋት።

በቆሎ ሲደርስ ጃርትና ከርከሮ ማሳውን ወረሩት። እጅ ራስ ፊት ቀርቦ «ጌታዬ፣ እኛ ከንጋት እስከ ማታ እንለፋለን፤ የሌሊቶቹ ያመረቱት እህል የታለ?» አለ። ራስም አዋጅ አስነገረ፤ «ከመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት በኋላ የሚተኛ አይኑር! ሁሉም ማማ ላይ ይውጣ!»

አዋጁ ሕልመኛዋን አባረረ። ሥራዋን ያየ ስላልነበረ ያዘነላት የለም። ብዙ ሳይቆይ ግን ምላስ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወርዶ በበርበሬ ዋጋ ከአበልጁ ተጣላ፤ ትናንት የቆሰለበት ነገር ሁሉ ዛሬም ትኩስ ነበር። ራስ ይህን እንደ ጥጋብ ቆጠረውና የምሽቱንም እንቅልፍ ጨምሮ ቆረጠ። ያኔ ጠጋኟም ሄደች። እጅ ዛለ፣ በማጭድ የተቆረጠው ጣት አልጠግ አለ፣ ሕፃናት ቀጨጩ። በመጨረሻ በረኛው በጠራራ ፀሐይ በሩን ይዘጋ ጀመር፤ ዓይን ፍጥጥ ብሎ ሳለ ከርከሮ በፊቱ አልፎ በቆሎውን ጨረሰው።

አገሬው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ዕድሜዋን ሙሉ ሌሊት ስትፈጭ ያደረች አንዲት አሮጊት ተነሥታ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ የቆጠሩት ያዩትን ላብ ብቻ ነው» አለች። «እኔም ስፈጭ አድሬ፣ ጧት እንጀራው ሲቀርብ ማን ፈጨው ብለው አያውቁም። ያልታየ ሥራ ሁሉ ሥራ ፈትነት ከሆነ፣ ይህን አገር ያቆመው ማን ነበር?»

ራስ መልስ አጣ። አዋጁን ሻረ። መጀመሪያ የተመለሰችው ጠጋኟ ናት፤ የቀደሙትን ሌሊቶች አብዛኛውን ለራሷ ወሰደች። ሕልመኛዋ ከእሷ በኋላ ገባች። የዚያ ዓመት በቆሎ ግን አልተመለሰም።

በቆሎ የምትጠብቁ የቡሬና የጃቢ ጠህናን አባወራዎች ሆይ፣ ጥበቃውን በተራ አድርጉት፤ ሌሊቱን አንድ ሰው ብቻ አይሸከመው። ተማሪ ልጆቻችሁን ከማማው አውርዱና አስተኟቸው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት።