መታዘዝን ለነገ የማሳደር ዘዴ

እግዚአብሔርን አልታዘዝም ማለት አያስፈልግም። እንዲህ ያለው እምቢታ አንድ ቀን አስደንግጦ ለንስሐ ሊያበቃህ ይችላል። በወንጌል አባቱን ወደ ወይኑ ቦታ አልሄድም ያለው ልጅ ኋላ ተጸጽቶ ሄዷል፤ እሺ ያለው ነው የቀረው። ስለዚህ ሁልጊዜ እሺ በል። ቀን ብቻ አትቁረጥ።

መምህር ካስፈለገህ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24ን ገልጠህ ፊልክስን ተመልከት። በቂሣርያ ተቀምጦ ይሁዳን የሚገዛ የሮም ሹም ነበር። ሚስቱ ድሩሲላ የንጉሥ ሄሮድስ አግሪጳ ልጅ ስትሆን፣ አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ እንደሚነግረን ከባሏ አስኮብልሎ ያገባት ናት። እስረኛው ጳውሎስ በሁለቱ ፊት ቆሞ የተናገረው ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ነው። ፊልክስ ፈራ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ ሰው ሳያስበው የሚታዘዘው ልቡ እንዲህ በተነካበት ሰዓት ነው። ፊልክስ ግን አልተቆጣም፣ አላስገረፈውም፣ የሰማውንም ሐሰት ነው አላለም። ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎ በጨዋ ደንብ አሰናበተው።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ አንባቢ ዘሎት ያልፋል። ፊልክስ ጳውሎስን በእርግጥ አስጠርቶታል፣ ያውም ደጋግሞ። ጉቦ ይሰጠኛል ብሎ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆን፣ ዳግመኛ ፈራ የሚል ቃል ግን የትም አልተጻፈም። ተናጋሪው ያው ጳውሎስ ነው፤ ሰሚው ሌላ ሰው ሆኗል። የቀጠሮ ሥራው ይህ ነው፤ ትእዛዙን ባለበት ትቶ ታዛዡን ይለውጠዋል። በመጨረሻ በፊልክስ ቦታ ጶርቅዮስ ፊስጦስ ተሾመ፤ ፊልክስም ጳውሎስን እንደታሰረ ትቶት ሄደ።

በእኛ ቤት ለዚህ የተመቸ ልማድ ሞልቷል። ቁርባንን ለሽምግልና አሳድረው፤ ገና አልበቃሁም የሚለውን ሰው ትሑት ነው ከማለት በቀር ማን ይወቅሰዋል? የንስሐ አባትህን ለዝክር ጥራቸው፣ ቤትህን ያስባርኩልህ፤ ያችን አንዷን ነገር ብቻ አታንሣባቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሲገባ ለሰሙነ ሕማማት ቅጠር፣ ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ከፋሲካ ወዲያ በል፣ ከፋሲካ በኋላ በዓለ ኀምሳ ነው፣ ስግደት የለም በል፤ ፍልሰታ መቼም አትቀርም።

ከወንድምህ ጋር በውርስ ተጣልተህ እንደሆነ ደግሞ ሽማግሌ እስኪላክ ጠብቅ፤ ሲላክም እሱ ይቅደም በል። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ማለቱን እያወቅህ መባህን በየሳምንቱ አግባ። ለቅሶ ቤት ከሌላው ለይተህ የምታውቀው አንድ ልቅሶ አለ፤ ሳላናግርህ፣ ይቅር ሳልልህ እያለ ደረቱን የሚደቃ ሰው ልቅሶ። እሱን ስሰማ በዚህ ነገር መቀለድ አልችልም። ይቅርታው በልቡ ነበረ፤ ቀን ነው ያጣለት።

እየረፈደብኝ ነው ብለህ ከሰጋህ የእስራኤል ልጆች ያደረጉትን ማድረግ ትችላለህ። ውጡና ምድሪቱን ውረሱ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ በማግስቱ አልቅሰው፣ ሙሴ እየከለከላቸው ወጡ። ታቦቱ ከሰፈር አልወጣም፣ ሙሴም አልተከተላቸውም። ጠላት እስከ ሔርማ ድረስ አሳደዳቸው። የወጡበት ተራራ ትናንት የታዘዙበት ነው፤ የዛሬው ትእዛዝ ግን ተመለሱ የሚል ነበር።

የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ግን እንዳያሳስትህ ራቀው። ሰበብ ቢፈልግ ሞልቶለት ነበር፤ መንገዱ ወደ ጋዛ የሚወርድ ምድረ በዳ፣ አስተማሪው ፊልጶስ የዚያን ዕለት ያገኘው ሰው፣ እሱ ራሱ የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ሹም። አገሬ ልግባና አስብበት ቢል ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ውኃ እንዳየ ሠረገላውን አስቆመና ወርዶ ተጠመቀ። ከውኃው ሲወጡ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባውም ከዚያ ወዲያ አላየውም። ለሌላ ቀን ቀጥሮት ቢሆን ኖሮ በቀጠሮው ቀን የሚያገኘው ሰው አልነበረም።