ተበይዷል

የአሮጌ ዶዘር ሰንሰለት ማውለቅ በወሬ ቀላል ነው። መወጠሪያውን ታላላለህ፣ ማስተር ፒኑን ታስወጣለህ፣ ማሽኑን ወደ ኋላ ትነዳና ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። አዲስ ቅዳም ከተማ፣ በሰው ጓሮ፣ በሐምሌ ጭቃ ስትሞክረው ግን የት ያልቃል!

ጭቃው ለብቻው ጉድ ነው። ቤንጃሚን ሆልት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1904 ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ላይ የእንፋሎት ትራክተሩን የኋላ ጎማ አውልቆ ሰንሰለት ያለበሰው ረግረግ እየዋጠ ስላስቸገረው ነበር። የእኛው ዶዘር እንግዲህ ከነሰንሰለቱ ሰምጧል። ክሪክ ስትደግፍለት ወደ ታች የሚወርደው ክሪኩ ነው፤ ዶዘሩ ንቅንቅ አይልም። ግንድ አንጥፉለት ይሉናል። አገሩ በሙሉ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው፤ እሱ ደግሞ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ስለሚሆን ይህን ብረት የሚሸከም ውፍረት የለውም። ወፍራም ባሕር ዛፍ ያለው ጎረቤት አለ፤ ለጣውላ ነው ብሏል።

ከዚያ መካሪው! በቅዳሜ ገበያ ከሆነማ ከሰል ሊጭን የመጣ ሹፌር ሁሉ መካኒክ ነው። «ጋሼ፣ የመወጠሪያውን የግሪስ ብሎን ዝም ብለህ ፍታት!» ይላል። እዚያ ውስጥ የታመቀ ግሪስ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በጎን ቆሞ፣ አንድ ዙር ብቻ አላልቶ፣ እስኪተነፍስ መጠበቅ ነው እንጂ። ይህን ስትል ፈሪ ተብለህ ታርፋለህ። ፒን በመዶሻ ሲመታ የብረት ስባሪ እንደ ጥይት እንደሚፈናጠር እየተነገረም ልጆቹን ዞር የሚያደርግ የለም።

ይህም ይቻል ነበር። አንጀታችንን ያቆሰለው ፒኑ ነው። ማስተር ፒን ከሌሎቹ የሚለየው ሰንሰለቱ በእሱ በኩል እንዲፈታ ተብሎ በመሠራቱ ነው። ለዓመታት የደረቀውን ጭቃና ቅባት ፈግፍገን ጫፉ ላይ ያለውን ምልክት ስንፈልግ ያገኘነው የብየዳ ጉብታ! ከእኛ በፊት የነበረው ሰውዬ ፒኑ ወጣ ወጣ ሲልበት ዙሪያውን በኤሌክትሮድ ደፍኖት ማሽኑን ሸጦ ሄዷል። የዚያን ቀን ሥራው ተሠርቶለታል። ከርሱ በኋላ የሚመጣው ምን ይሁን? መቼስ እኛ ዘንድ ምን ያልተበየደ አለ? የግቢ በር ማጠፊያው፣ የጋሪው ዘንግ፣ የወፍጮው እግር፣ ሁሉም የሚፈታው ሰው ይመጣል ተብሎ ሳይታሰብ ተደፍኗል።

ግራይንደር ለምነን አምጥተን ገና መሞረድ ስንጀምር መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ዲስኩ አለቀ። ኦክስጂን ያለው በያጅ እንጅባራ ተገኘ፤ ሲሊንደሩ ግን ሊሞላ ባሕር ዳር ሄዷል፣ «ነገ ከነገ ወዲያ» ይላል። ፒኑ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ ምትኩ የሚጠየቀው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው። ደወልን። «የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር ላኩ» አሉን። ሰሌዳው ያለበትን ቦታ ፈልገን አገኘነው፤ ላዩ ላይ ላሜራ ተበይዶበታል።