ሽመላና የጉንዳን ጤፍ

በሱሉልታ ሜዳ፣ ከድርቆሽ ክምር ሥር፣ አንዲት ጉንዳን ትኖር ነበር። በጤፍ ነገር እሷን የሚያህል የለም። የትኛው ዘር ውርጭ ይችላል፣ የትኛው ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ የትኛው ዓይናማ እንጀራ ይወጣዋል፤ ሁሉንም ከአያቷ ሰምታለች። «ጤፍ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ይሰንብት፤ ያኔ ዱቄቱ ያምራል» ትላት ነበር አያቷ።

አደይ ሲፈነዳ ሽመላ ከባሕር ማዶ መጥቶ ቡራዩ፣ ገፈርሳ ግድብ ዳር ሰፈረ። እንጀራውን ቀመሰና ጉንዳን ዘንድ መጣ።

«እመት ጉንዳን፣ አንድ እፍኝ ጤፍ ስጪኝ። በአገሬ እሸጥና በየዓመቱ ድርሻሽን አመጣለሁ።»

«እውነትህን ነው አያ ሽመላ?»

«ፊርማዬ ይኸው» ብሎ እግሩን ጭቃው ላይ አተመ።

አገሩ ሲገባ ግን፣ «ጤፍ ሰንብቶ ሲፈጭ ዱቄቱ እንደሚያምር የደረስኩበት እኔ ነኝ» ብሎ አስመዘገበ። ጭቃውማ በበልግ ዝናብ ታጥቧል።

ይኼ ሽመላ ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም። ኤችፒኤፍአይ የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከብዝኃ ሕይወትና ከግብርና ምርምር ተቋሞቻችን ጋር ተፈራረመ። በ2007 በአውሮፓ የጤፍ ዱቄት ፓተንት ተሰጠው፤ በ2009 ከሰረ። ለኢትዮጵያ የደረሳት 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። ኩባንያው ቢከስርም ፓተንቱ በሌላ እጅ ቀጠለ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ ያደረገው ሁለት የአገሩ ኩባንያዎች ተካስሰው ነው። እኛ ከሙግቱ አልነበርንበትም፤ የደስታው ጊዜ ግን ቀዳሚዎቹ እኛ ነበርን።

የሽመላ ወረቀት ተቀደደ ሲባል ሱሉልታም በእልልታ ቀለጠች። ጉንዳንም በዚያ ሞቅታ ዱቄቷን በከረጢት አሽጋ፣ የራሷን ፊት ሥላበት ሰበታ ገበያ ወረደች። ሸጠች፤ ተወደደላት። በሳምንቱ ብትመለስ ጦጣ ያንኑ ሥዕል በለጠፈበት ከረጢት፣ ጄሶ የቀየጠበትን ዱቄት ይቸበችባል።

«ይኼ እኮ የኔ ፊት ነው!»

«የጉንዳን ፊት ሁሉ አንድ አይደል እንዴ? ደግሞ እኔ እንደ ሽመላ ባዕድ አይደለሁ፤ የአገርሽ ልጅ ነኝ!»

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ትናንት እልል ያለው ያው ገበያተኛ ነው።

ጉንዳን እያነባች መናገሻ ሱባ ጫካ ወጣች፤ መዝጋቢው ጉሬዛ ዘንድ። ጉሬዛ ነጭ ካባውን ሰብስቦ መዝገቡን ገለጠ።

«የጉንዳን ፊት፣ ለዱቄት... አዎ፣ አመልካች አለው። ጦጣ ይባላል።»

«የኔ መሆኑን አገር ያውቃል!»

«አገር መጥቶ አልፈረመም። ጊዜው ሳያልፍ ተቃውሞሽን በጽሑፍ አቅርቢ። ክፍያ አለው።»

«በጤፍ ይሆናል?» አለች ጉንዳን፣ ከረጢቷን ከጀርባዋ እያወረደች።